የኤሌክትሮኒክ አጥር ለውሻዎ ይስማማል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የማይታየውን አጥር ለመግዛት ለሚያስቡ፣ ወይም ገዝተው ከካርቶኑ ለማውጣት ለሚያመነቱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዕቃው ይሠራል ወይ የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው፤ ሽቦው በደንብ ከተዘረጋና ባትሪው ካላለቀ ይሠራል። ከባዱ ጥያቄ ውሻዎ ለምን ከግቢ እንደሚወጣ ማወቁ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚያ የሚነሡ ናቸው።

የኤሌክትሮኒክ አጥር እንዴት ነው የሚሠራው?

የተለመደው ዓይነት በሽቦ የሚሠራው ነው። ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ማሰራጫ አለ። ከማሰራጫው የሚነሣው ሽቦ ግቢውን ይዞርና ተመልሶ እዚያው ይገባል። ሽቦው ከአፈሩ ሥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀበራል፤ ነባር አጥር ካለ ደግሞ እሱ ላይ ሊታሰር ይችላል። በውስጡ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ያልፋል። ውሻው የአንገት ማሰሪያ ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን ወደ ሽቦው በተጠጋች ጊዜ ሞገዱን ትይዝና መጀመሪያ “ጢጥ ጢጥ” ትላለች። ውሻው በዚህ ካልተመለሰ ቆዳውን በሚነኩ ሁለት የብረት ጫፎች በኩል በኤሌክትሪክ ትነዝረዋለች።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ፔክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ይህን ዘዴ ሠርቶ ካወጣ ወዲህ መሣሪያው አንሷል፣ ባትሪውም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። መሠረቱ ግን ያው ነው፦ ውሻውን በአካል የሚያግደው ነገር የለም። ድምፁን ሰምቶ ዞሮ መመለስን ካልተማረ፣ የገዙት ዕቃ ውሻ የሚያስደነግጥ ሣጥን ነው።

ንዝረቱ ያማል?

ደስ የማይል ስለሆነ ነው የሚሠራው። “ውሻው ምንም አይሰማውም” የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ምንም የማይሰማው ከሆነ ታዲያ ለምን ይመለሳል ብለው ይጠይቁት። በሌላ በኩል ደግሞ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት እንደሚመጣ ኤሌክትሪክ አድርገው አይገምቱት። የሚለቀቀው ምት እጅግ አጭር ነው፣ ኃይሉም አነስተኛ ነው፤ በትክክል የሚሠራ ዕቃ ቆዳ አያቃጥልም። አንገት ላይ ቀይ ቁስል ሲታይ ብዙ ሰው “አቃጠለው” ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የብረት ጫፎቹ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ተጭነው በመቆየታቸው የሚመጣ ቁስል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ዝቅ ብሎ ራሱን የቻለ መልስ አለ።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ያው አንድ መጠን ለሁሉም ውሻ አንድ አይደለም፤ ፀጉሩ የረጠበ ወይም ስስ የሆነ ውሻ ከደረቀውና ፀጉረ ብዙ ከሆነው የበለጠ ይሰማዋል። ያው አንድ ውሻ እንኳ ዝናብ በጣለበት ቀንና በደረቅ ቀን እኩል አይሰማውም። ሁለተኛ፣ ከሕመሙ በላይ የሚያሳስበው ድንጋጤው ነው። አንዳንዱ ውሻ አንዴ ተነዝሮ ራሱን ያራግፍና ሌላ ነገር ማሽተት ይጀምራል። ሌላው ደግሞ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ለቀናት ወደ ሣሩ አይወርድም። የእርስዎ ውሻ የትኛው እንደሆነ ከማንም ይልቅ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

ከመግዛቴ በፊት መጀመሪያ ምን ልመልከት?

ውሻዎ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣና ከመውጣቱ በፊት ምን እንደተፈጠረ ይከታተሉ። ይህን ሳያደርጉ የሚገዛ አጥር በግምት እንደሚዋጥ መድኃኒት ነው።

ተሰላችቶ የሚወጣ ውሻ አለ። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ግቢ ውስጥ ይውላል፤ የሚጫወትበት የለው፣ የሚያጫውተው የለ። ይህን ውሻ አጥሩ ሊያስቆመው ይችላል፤ መሰላቸቱን ግን አያስቆመውም። ያው ጉልበት ወደ መቆፈር፣ ወደ መጮኽ ወይም የራሱን እግር ወደ መላስ ይዞራል። በቀን ሁለቴ ጥሩ የእግር ጉዞ ማግኘት ከጀመረ በኋላ መውጣቱን በራሱ የተወ ውሻ ብዙ ነው። እንዲያ ከሆነ አጥሩም ላያስፈልግ ይችላል።

ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ ደግሞ ሴት ፍለጋ ይወጣል። በስሜት ላይ ያለች ሴት ሽታ ከሩቅ ይደርሰዋል፤ ከሸተተው በኋላ አንዲት ቅጽበታዊ ንዝረት ምንም አታህል። ለዚህ ውሻ መጀመሪያ የሚነጋገሩት ከእንስሳት ሐኪም ጋር እንጂ ከአጥር ሻጭ ጋር አይደለም።

ፈርቶ የሚሸሽ አለ። ነጎድጓድ ወይም ርችት ሲሰማ መግቢያ ያጣል፣ በሩን ይቧጭራል፣ በመስኮት ለመውጣት ይታገላል። በእንዲህ ዓይነት ድንጋጤ ውስጥ ያለ ውሻ ማስጠንቀቂያውን አይሰማም፤ ቢሰማም አያቆመውም። በፍርሃቱ ላይ ሌላ ፍርሃት መጨመር ጉዳት ብቻ ነው። ብቻውን ሲቀር የሚጨነቅና ባለቤቱን ፍለጋ የሚወጣውም ከዚህ ወገን ነው።

ከዚያ አሳዳጁ አለ፦ ድመት፣ ጥንቸል፣ ብስክሌት፣ የሚሮጥ ሰው ያየ እንደሆነ የሚተኮሰው። ስለሱ በሚቀጥለው መልስ እንነጋገራለን።

የሚቀረው በእርጋታ እያሸተተ፣ ሽታ እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ ከግቢ የሚርቀው ነው። የኤሌክትሮኒክ አጥር ከሁሉም በላይ የሚሠራው ለዚህ ውሻ ነው። ለማሰብ ጊዜ አለው፤ ድምፁን ሲሰማ ቆም ይላል፤ የሚጎትተው ነገርም ያን ያህል ብርቱ አይደለም።

በእርግጥ ያስቆማል?

ብዙውን ውሻ፣ ብዙውን ጊዜ። ሁሉንም ግን አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራና በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የውሻ ባለቤቶችን ጠይቆ ነበር። በኤሌክትሮኒክ አጥር ከሚጠበቁት ውሾች 44 በመቶው አምልጠው እንደሚያውቁ ባለቤቶቻቸው ተናግረዋል፤ በሚታይ፣ በአካል በሚያግድ አጥር ከሚጠበቁት ግን 23 በመቶው ነበሩ። የሚታየውም አጥር ውሻ ያመልጠዋል ማለት ነው፤ የማይታየው ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ለምን እንደሚያመልጥ ለመረዳት ሂሳቡን ይሥሩት። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ውሻ በሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ማስጠንቀቂያውና ንዝረቱ ያሉበት ቀጠና 2 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ሮጦ የመጣ ውሻ በአንድ ሴኮንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ ያልፈዋል። ድምፁ ጆሮው ገብቶ፣ ትርጉሙን አስታውሶ፣ እግሩን ገቶ ለመዞር ይህ ጊዜ አይበቃም። ንዝረቱ ሲያርፍበት እሱ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቀጠናው ግቢው እስከፈቀደ ድረስ ሰፊ መሆን አለበት። ጠባብ ግቢ ውስጥ ደግሞ ቀጠናውን ሲያሰፉ ውሻው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያልቃል። ግቢዎ ጠባብ ከሆነ፣ እኔን ቢጠይቁኝ፣ ይህንን ዕቃ ይርሱት።

ካመለጠስ በኋላ ይመለሳል?

ሰዎች ሳያስቡት የሚገዙት ችግር ይኼ ነው። ድመት አሳዶ የወጣ ውሻ ስሜቱ ሲበርድ ወደ ቤቱ መመለስ ይፈልጋል። ወሰኑ ጋ ሲደርስ ግን “ጢጥ ጢጥ” ይለዋል። ሲወጣ ያላስቆመው ድምፅ ሲመለስ ያስቆመዋል፤ ምክንያቱም አሁን የሚያሳድደው ነገር የለም። ውጭ ቆሞ ያለቅሳል፣ ወይም ዞሮ ይሄዳል። አንዳንድ የጂፒኤስ ማሰሪያዎች (ያሉበትን ቦታ በሳተላይት የሚለዩት) ወደ ውስጥ ሲመለስ እንዳይነዝሩት ተደርገው ተሠርተዋል፤ አብዛኞቹ በሽቦ የሚሠሩት ግን መውጣትንና መግባትን አይለዩም። ስለዚህ ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥርዎ ይኑር፤ ማይክሮቺፕ (መለያ ቁጥር የያዘ፣ ከቆዳው ሥር የሚገባ ቅንጣት) ማስቀበርም አይከፋም።

የሚገቡትንስ ያግዳል?

አያግድም። የጎረቤት ውሻ፣ የዱር እንስሳ፣ ሕፃን ልጅ፣ ሌባ፣ ሁሉም እንደልባቸው ይገባሉ። ትልቅ ውሻ ገብቶ ቢያጠቃው የእርስዎ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ ወሰኑ ለእሱ ብቻ ነው የሚሠራው። በአካባቢዎ ልቅ ውሾች የሚዞሩ ከሆነ ይህ አንድ ምክንያት ብቻውን ለመተው ይበቃል።

ውሻዬን ጠበኛ ያደርገዋል የሚባለው እውነት ነው?

ሁሉንም ውሻ አያደርግም። ግን የሚሆንበት መንገድ ግልጽ ስለሆነ ቀለል አድርገው አይዩት።

ውሻ የተነዘረው ሽቦ ስለተጠጋ መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው በዚያች ቅጽበት ያየውን ነው። በአጥሩ በኩል አንድ ልጅ በብስክሌት ያልፋል፤ ውሻው ሰላም ሊለው ጅራቱን እየቆላ ይሮጣል፤ ይነዘራል። በሌላ ቀን ሌላ ልጅ ያልፋል፤ ይነዘራል። ከዚህ በኋላ ውሻው ስለ ሽቦ ሳይሆን ስለ ልጆችና ስለ ብስክሌት ትምህርት ቀስሟል። ብስክሌት ባየ ቁጥር ፀጉሩ ይቆማል። አንድ ቀን ባትሪው አልቆ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ቢወጣ የሚሄደው ወደ ልጁ ነው።

በ2000 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አንድ ጽሑፍ ላይ የእንስሳት ባሕርይ ባለሙያው ሪቻርድ ፖልስኪ በእንዲህ ዓይነት አጥር ውስጥ የነበሩ ውሾች ሰውን ክፉኛ የነከሱባቸውን አምስት ጉዳዮች አቅርቧል። አምስት ጉዳይ ስንት ውሻ እንዲህ እንደሚሆን አያሳይም። ከላይ የጠቀስነው ሂደት ግን በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አለመሆኑን ያሳያል። በዚህ ምክንያት ወሰኑ ሰው በብዛት ከሚያልፍበት መንገድ ጋር እንዳይገጥም ያድርጉ። ከእግረኛ መንገዱ አምስት፣ ስድስት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ቢል ውሻውም አላፊው ሰውም ይገላገላሉ።

ቀድሞውኑ ሰው ላይ የሚያጉረመርም ወይም ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ካለዎት ጥያቄው አልቋል፤ ለእሱ የሚበቃው የሚታይ፣ የሚቆለፍ አጥር ነው።

ለየትኞቹ ውሾች አይመከርም?

ከላይ ከተነሡት ፈሪዎች፣ ጠበኞችና አሳዳጆች ሌላ፦ ከስድስት ወር በታች ላሉ ቡችሎች አይሆንም፤ አብዛኞቹ አምራቾችም ከዚያ በፊት እንዳይጀመር ይመክራሉ። በጣም ትናንሽ ውሾችም አሉ። ብዙዎቹ ማሰሪያዎች ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ግራም ለሚመዝንና ከዚያ በላይ ለሆነ ውሻ የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ ያነሰ ውሻ አንገቱ ላይ ሣጥኗ ራሷ ሸክም ትሆንበታለች። የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ውሻና ያረገዘች ውሻ ያለ ሐኪም ምክር አይሞከርባቸውም። መስማት የተሳነው ውሻ ድምፁን ስለማይሰማ ከድምፅ ይልቅ በቫይብሬሽን (እንደ ስልክ በመንቀጥቀጥ) የሚያስጠነቅቅ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ መነዘር ይሆንበታል፤ ይህ ደግሞ ግፍ ነው።

ፀጉሩ ከመጠን በላይ የበዛ ውሻ የማይቻል ሳይሆን አስቸጋሪ ነው። የብረት ጫፎቹ ቆዳው ላይ ካልደረሱ አይሠሩም። ረጃጅም ጫፎች ይሸጣሉ፤ አንገቱ ሥር ያለውን ፀጉር በጥቂቱ መቀነስም ይረዳል። ማሰሪያውን ማጥበቅ ግን መፍትሔ አይደለም።

ሥልጠናው ምን ያህል ይፈጃል? እንዴትስ ነው?

ሁለት፣ ሦስት ሳምንት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። ይህን ጊዜ ከሌለዎት አይግዙት። ማሰሪያውን አስሮ “ራሱ ይማረው” ብሎ ግቢ ውስጥ መልቀቅ ከሁሉ የከፋው አጠቃቀም ነው፤ ውሻው ከየት እንደሚመጣ በማያውቀው ነገር ይነዘርና ግቢውን በሙሉ ይፈራዋል።

ከዕቃው ጋር ትናንሽ ባንዲራዎች ይመጣሉ። ማስጠንቀቂያው በሚጀምርበት መስመር ላይ በየሁለት ሜትሩ ይተከላሉ፤ ለውሻው የሚታይ ምልክት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንዝረቱ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ይሠራል። ውሻውን በገመድ ይዘው ወደ ባንዲራዎቹ ይጠጋሉ። ድምፁ እንደተሰማ፣ ሳይጮኹና ሳይቆጡ፣ በገመዱ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ያዞሩታል፤ ወዲያው የሚወደውን ማባበያ አፉ ውስጥ ያደርጋሉ። ደጋግመው ይህንኑ ያድርጉ። ከቀናት በኋላ አንድ ነገር ያያሉ፦ ድምፁ ገና ሲጀምር ጆሮው ይቀሰራል፣ እርስዎ ገመዱን ሳይነኩ አንገቱን ያዞራል፣ ከዚያም ማባበያዋን ፍለጋ ወደ እጅዎ ይመጣል። ያ ዙረት ካልታየ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አይሂዱ።

እዚህ ላይ የግሌን ልጨምር። በድምፁ ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚዞር ውሻ ካገኙ፣ ንዝረቱን ጨርሶ ሳያበሩ በድምፁ ብቻ መቀጠል ይቻላል። እርስዎ አብረውት ግቢ ውስጥ በሚሆኑበት ሰዓት ይህ ለብዙ ገራም ውሻ ይበቃል።

ንዝረቱ የሚበራ ከሆነ ከዝቅተኛው መጠን ይጀመራል። የሚፈለገው ውሻው ጆሮውን ማንቀሳቀሱ ወይም ቆም ብሎ መዞሩ ነው። ከጮኸ፣ ከዘለለ፣ ከተኛ፣ መጠኑ በዝቷል። ከዚያ ፈታኝ ነገሮች ይመጣሉ፦ የቤተሰብ ሰው ከወሰኑ ማዶ ቆሞ ይንቀሳቀሳል፣ ኳስ ይንከባለላል፣ ሌላ ውሻ በገመድ ያልፋል። ውሻው እስካሁን በረጅም ገመድ ላይ ነው። ከወሰኑ ማዶ ሆኖ በስሙ መጥራት ግን ክልክል ነው፤ ሲጠሩት መጥቶ የተነዘረ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ጥሪዎን ይጠራጠራል።

ባንዲራዎቹ በአንድ ቀን አይነቀሉም። በየጥቂት ቀኑ አንዱን እየተዉ አንዱን ያነሣሉ። ውሻው በአጥሩ ከሠለጠነም በኋላ ሰው ቤት በሌለበት ውሻውን በእሱ ላይ ብቻ ጥሎ መሄድን አልመክርም።

ማሰሪያውን ሌሊትም ቀንም ያድርገው?

አያድርግ። በቀን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ቤት ሲገባ ይውለቅ። ያን ያህል ሰዓት እንኳ ከታሰረ በመሐል ሣጥኗን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ፈቀቅ ማድረግ ጥሩ ነው። ልኩ አንድ ጣት በብረት ጫፉና በቆዳው መካከል የሚገባበት ነው፤ ከላላ ጫፎቹ እየተፋተጉ ይልጡታል፣ ከጠበቀ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋሉ።

ማታ ማታ ፀጉሩን በጣትዎ ገልጠው ጫፎቹ ያረፉበትን ቦታ ይዩ። ክብ ቀይ ምልክት፣ እርጥበት፣ ሽታ ወይም የረገፈ ፀጉር ካለ ማሰሪያው ይውለቅ፤ ቆዳው እስኪድን ድረስ አይመለስም፤ ቁስሉ ከከፋ ሐኪም ይየው። ጫፎቹንና አንገቱን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሌላው፣ ገመዱን በዚህ ማሰሪያ ላይ አያስሩ። ሲጎትት ጫፎቹ አንገቱን ይወጉታል። ለገመድ ሌላ ማሰሪያ ወይም የደረት ማሰሪያ ይኑረው።

በሽቦ የሚሠራው፣ ያለ ሽቦ የሚሠራው ወይስ የጂፒኤሱ?

በሽቦ የሚሠራው ድካም አለው፤ መቆፈር አለ፣ በመኪና መግቢያው ላይ ማሳለፍ አለ። ግን ወሰኑ ዛሬም ነገም አንድ ቦታ ነው፤ ውሻ የሚማረው ደግሞ የማይለዋወጥ ነገርን ነው።

ያለ ሽቦ የሚሠራው ቤት መሐል ከተቀመጠ መሣሪያ ክብ ቀጠና ይሠራል። ግቢዎ ክብ ካልሆነ፣ ማዕዘኖቹ ይባክናሉ ወይም ክቡ ወደ ጎረቤት ይገባል። የብረት ጣሪያ፣ ትልልቅ የብረት ዕቃዎችና ተዳፋት መሬት ምልክቱን ያዛቡታል። ለጊዜው ለሚኖሩበት ቤት ካልሆነ አልመርጠውም።

የጂፒኤሱ ለሰፊ መሬት ነው። ወሰኑን በስልክዎ ካርታ ላይ ይስላሉ፤ ውሻው ቢጠፋም የት እንዳለ ያዩበታል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ ስሕተቱ ነው፦ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ እንኳ የጥቂት ሜትር ልዩነት አለ፤ ዛፍ ወይም ፎቅ ሲኖር ልዩነቱ ይሰፋል። ወሰኑ ዛሬ ጽጌረዳው ጋ፣ ነገ ከጽጌረዳው አራት ሜትር ወዲህ ከሆነ ውሻው ምን ይማር? ባትሪውም ቶሎ ቶሎ ቻርጅ ይፈልጋል፤ ማታ መሰካቱን የረሱ ቀን በማግሥቱ አጥር የለም።

መብራት ቢጠፋ ወይም ሽቦው ቢበጠስስ?

መብራት ሲጠፋ ማሰራጫው ይቆማል፤ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው ወሰኑም የለም። ሽቦው ከተበጠሰ አብዛኞቹ ማሰራጫዎች እየጮኹ ያሳውቃሉ። ጩኸቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ከሌለ የሚሰማው የለም። ሽቦ የሚበጥሰው ብዙውን ጊዜ አካፋ፣ የሣር ማጨጃ ወይም የዛፍ ሥር ነው።

የማሰሪያውን ባትሪ በየሳምንቱ ይፈትሹ። ከዕቃው ጋር የምትመጣ ትንሽ መፈተሻ አምፖል አለች። የብረት ጫፎቹ ላይ አስገብተው ማሰሪያውን በእጅ ይዘው ወደ ወሰኑ ይሂዱ፤ ድምፁ ይሰማል፣ ቀጥሎ አምፖሏ ብልጭ ትላለች። ማሰሪያውን በውሻው አንገት ከፍታ መያዝዎን አይርሱ፤ ወደ ላይ ከፍ ካደረጉት ቀጠናው ከእውነቱ የጠበበ ይመስላል።

ማሰሪያው ቤት ውስጥ ወይም ግቢው መሐል ላይ ይጮሃል፤ ለምን?

ሽቦው ከመሬት ሥር ካለ የኤሌክትሪክ፣ የስልክ ወይም የቴሌቪዥን ገመድ ጎን ለጎን ከሄደ ምልክቱ ወደ እነሱ ሊሻገርና ያልታሰበበት ቦታ ሊወጣ ይችላል። በቀጥታ ማዕዘን ማቋረጥ ይሻላል። ሌላው፣ ከማሰራጫው እስከ ወሰኑ ድረስ ያለው ሽቦ ካልተገመደ ውሻው በዚያም ማለፍ አይችልም። የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ሲገምዷቸው ምልክታቸው ይጠፋፋል፤ ውሻው በላዩ በሰላም ይሄዳል። በዚሁ ምክንያት ሁለት የወሰን ሽቦዎችን አጠጋግቶ መዘርጋት ጥሩ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ያዳክመዋል። ውሻው ላይ ከማሰርዎ በፊት ማሰሪያውን በእጅዎ ይዘው ግቢውንም ቤቱንም በሙሉ ይዙሩ። ሳሎን ውስጥ አልጋው ላይ እንደተኛ የተነዘረ ውሻ መሸሸጊያ አይኖረውም።

ለእግር ጉዞ ሲወጣ ወሰኑን እንዴት ያልፋል?

የአጥሩን ማሰሪያ ያውልቁ፣ ሌላውን ያድርጉ፣ ሁልጊዜ በአንድ በር ብቻ፣ በገመድ፣ “እንሂድ” እያሉ ያሳልፉት። መጀመሪያ ላይ እግሩን ሊተክል ይችላል፤ ትንሽ ከሆነ ይሸከሙት፣ ትልቅ ከሆነ በመኪና ያሳልፉት። ማሰሪያውን ሳያወልቁ አንዴ ማሳለፍ የሳምንታትን ሥራ ያበላሻል።

ሕግ ይከለክለዋል?

እንደሚኖሩበት ነው። በዌልስ ውሻንም ሆነ ድመትን በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን ክልከላው የወሰን አጥሩንም ይጨምራል። በጀርመን የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2006 (እ.ኤ.አ.) የሚነዝር ማሰሪያን ለሥልጠና መጠቀም የእንስሳት ጥበቃ ሕጉን እንደሚጥስ ወስኗል። በአሜሪካ በሰፊው ይሸጣል፤ ይሁንና የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የአቋም መግለጫ ውሾች በሽልማት ብቻ እንዲሠለጥኑ መክሯል። ከመግዛትዎ በፊት የአገርዎን ሕግ፣ የተከራዩት ቤት ከሆነም የውልዎን ቃል ይዩ።

ሌላ አማራጭ የለም?

አለ። ገንዘቡና ቦታው ካለ የሚታይ አጥር የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ለብዙ ውሻ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ለሚቆፍር ውሻ የሽቦ መረብ ከአጥሩ ሥር ወደ ውስጥ አጥፎ መሬት ላይ ማንጠፍ ይረዳል፤ መቆፈር የሚጀምረው አጥሩ ሥር ስለሆነ መረቡን ያገኘዋል። ግቢውን በሙሉ ማጠር ካልተቻለ አንዱን ጥግ ብቻ ማጠር ይቻላል። ውሻው የሚፈልገው ወጣ ብሎ መሽናት፣ ፀሐይ መሞቅና አብሮዎት መሆን ነውና ትንሽ ቦታም ትበቃዋለች።

ኤሌክትሮኒኩ የሚያምርብኝ ከሚታየው አጥር ጋር ሲጣመር ነው። የሚዘልል ወይም ከሥር የሚቆፍር ውሻ ካለዎት ሽቦውን ነባሩ አጥር ላይ ያስሩት። ውሻው የሚያየው ወሰን አለው፣ ንዝረቱን ከአጥሩ ጋር ያያይዘዋል እንጂ ከመንገደኛው ጋር አያያይዘውም፤ የውጭ ውሻም አይገባበትም።

ውሻዬን እንዳልተስማማው በምን አውቃለሁ?

ከቤት ለመውጣት ሲያመነታ። ሣሩን ትቶ ሲሚንቶው ላይ ብቻ ሲሄድ። ቤት ውስጥ መሽናት ሲጀምር፦ ውጭ ወጥቶ መሽናት ስለፈራ ሊሆን ይችላል። ማሰሪያውን ሲያነሡ ሲሸሽ ወይም ሲንቀጠቀጥ። ማይክሮዌቭ ወይም ስልክ “ጢጥ” ሲል ጠረጴዛ ሥር ሲገባ፤ ድምፁን ከአጥሩ ድምፅ ጋር ቀላቅሎታል። በወሰኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በሚያልፍ ሁሉ ላይ ሲጮህ። ወይም ደግሞ እየተነዘረ ማለፍን ሲለምድ።

የመጨረሻው ሲታይ አብዛኛው ሰው መጠኑን ይጨምራል። አይጨምሩ። ዛሬውኑ ማሰሪያውን አውልቀው ውሻውን በገመድ ማውጣት ይጀምሩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ግቢውን ያለ ምንም ድምፅ፣ በጨዋታና በማባበያ መልሰው ያስለምዱት። ፍርሃቱ ካልለቀቀው ወይም ማጉረምረም ከጀመረ በባሕርይ ላይ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ ዕቃውን ደግሞ ለሌላ ሰው ከመሸጥዎ በፊት የዚያ ሰው ውሻ ለምን እንደሚወጣ ይጠይቁት።